ባለ ቡናማ አዝራሩ ሹራብ

አዝራሩን ያየሁት ከሰደብኩት በኋላ ነው።

ዝናብ ይይዛታል ብዬ ለልጄ ለአኬዮ ጃንጥላ ይዤ ወደምታስተምርበት ኪሱሙ ካምፓስ ሄጄ ነበር። ከቪዲዮ መሰብሰቢያው ክፍል ኋላ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ የኤልዶሬት ካምፓስ መምህራን ተደርድረዋል። ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ የስታቲስቲክሱን ትምህርት አንዱ ካምፓስ ያስተምራል፣ ሌላው በስክሪን ይከታተላል፤ ጠቡ ማን ያስተምር ነው።

«የናንተ ክፍል ገደል ማሚቶ ነው፤ ተማሪዎቼ ምኑን ይስሙ?» አለች አኬዮ።

«ያንቺ ድምፅማ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የማይሰማው ትምህርቱ ነው» አለ ኪሙታይ የሚባል ረጅም መምህር። በሁለቱም ከተማ ተሳቀ።

ዘልዬ ተነሳሁ። «አንተ! ማን ነው ያሳደገህ?»

ካሜራው ድምፅ ወዳለበት ይዞራል። ከነጃንጥላዬ ኤልዶሬት ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ወጣሁ። ኪሙታይ ደንግጦ ከወንበሩ ተነሳ።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የወንበሩ መደገፊያ ላይ አረንጓዴ ሹራብ ተሰቅሏል። አንዱ አዝራር ቡናማ ነው፤ እኔ የተከልኩት። አኬዮ «ናይሮቢ ለሥልጠና ስሄድ አውቶቡስ ላይ ረሳሁት» ብላኝ ነበር።

«የወደድሽው ከኤልዶሬት?» አልኳት ቤት ስንገባ። ከዓመታት በፊት በምርጫው ሁከት ቤታችንን አቃጥለው ያባረሩን እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ በሬን በሦስት መቀርቀሪያ እዘጋለሁ፤ የዚያን አገር ሰው ውጭ ለማስቀረት።

«እማ፣ ያኔ እሱ ልጅ ነበር።»

«አባቱስ ልጅ ነበር?»

ጃንጥላውን ልታደርቅ ዘረጋችው።

«ደግሞ ይሰድብሻል!»

«እኔም እሰድበዋለሁ። ግን ሰው ሲወጣ ስክሪኑን አናጠፋም። ምሳችንን አብረን እንበላለን፤ እኔ ዓሣዬን፣ እሱ የረጋ ወተቱን። እንደዚያ ነው የተዋደድነው።»

«አንድ ቀን ሬሳሽን ያመጡልኛል» አልኳት።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ኪሙታይ በዝናብ በስብሶ ቤታችን መጣ። ሹራቡን በፌስታል ጠቅልሎታል፤ ደረቅ ነው።

«ማማ፣ ማን አሳደገህ ላሉኝ መልስ ይዤ መጣሁ። አያቴ ናት። አባቴ በዚያ ሁከት ከአቃጣዮቹ ጋር ወጣ፤ እሷ ከቤቱ አወጣችኝ።»

ከአኬዮ ጋር ተያዩ።

«ይህን ለምን ነገርከኝ?»

«ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይብሳል።»

ፌስታሉን ከእጁ ተቀበልኩት።

«ትምህርቱንስ ማን ወሰደ?»

«እሷ። ከእንግዲህ እኔ ተመልካች ነኝ።»

«ይበልህ!»

ወደ ኤልዶሬት የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ወጥቷል። አኬዮ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ግባ። ምንጣፌን እንዳታበሰብስ» አልኩት።

እራት ላይ አላናገርኩትም። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ወረወርኩለት። ከዚያ ሄጄ ሦስቱንም መቀርቀሪያዎች ዘጋሁ፤ እሱን ከውስጥ አድርጌ።