ስክሪኑ በጠፋበት ጠዋት

ሂልዲንግ እባላለሁ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ውሸት ፈጥሬ የማተርፈው ነገር የለም፤ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ያላመነ መብቱ ነው... እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ።

ማክሰኞ ነበር። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ሄርኖሳንድ ከተማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ብቻዬን የምኖርበት ቤት።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። ማራገቢያው መዞር ጀመረ፣ መብራቱም በራ...

ስክሪኑ ግን ጥቁር።

ሌላ ሰው ቢሆን "ነገ አሠራዋለሁ" ብሎ ቁርሱን ይበላል። እኔ ግን ነገ ማለት አልችልም።

የሟች ባለቤቴ እህት ማይቮር ኡሜኦ የሚባል ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። እሷም እንደኔ ብቻዋን ናት። አንዱ የፎቃችን ነዋሪ ሞቶ ሁለት ወር ሙሉ ማንም በሩን ሳያንኳኳ ቀረ። እሱን ከሰማን ወዲህ እኔና ማይቮር ቃል ተገባባን። በየቀኑ ልክ አራት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር እንተያያለን። ጆሮዋ ስለማይሰማ እየተጻጻፍን ነው የምናወራው። አንዳችን ካልታየን ወይም ካልመለስን ሌላው ለማዘጋጃ ቤቱ ረዳቶች መልእክት ይልካል።

መስከረም ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ሰዓቱ አለፈ። በሩን ሰብረው ገቡ!

"ሂልዲንግ፣ ይሄ ነገር አንዴ ከተደገመ ብቻዎን መኖሩ ይቅርብዎ። መጦሪያው ውስጥ ክፍል አለ" አለችኝ የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ፣ ፈገግ ብላ።

እኔ ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው በሬሳ ሳጥን ነው ብዬ ምያለሁ።

ለምን በሞባይል አትጽፍላትም ትሉኝ ይሆናል። ማይቮር ሞባይሏን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው። "ባትሪው እንዳያልቅ" ትላለች። ከዚህች ሴት ጋር ምን ይደረጋል?

ስለዚህ አርባ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበረኝ።

የስክሪኑ ትንሽ መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው። ከኋላ ያለውን ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ጥቁር። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት፣ እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ አበራሁት።

ጥቁር...

ጠረጴዛው ስር ተንበርክኬ ሳለሁ ማጅራቴን ቅዝቃዜ ነካኝ። ከውጭ የገባ ሰው ካፖርቱን ሳያወልቅ አጠገቤ የቆመ ያህል።

ቀና አልኩ። መስኮቱ ዝግ ነው።

አይ እርጅና አልኩና ተውኩት።

ሲጨንቀኝ ጎረቤቴን ዩንግቬን ጠራሁት። ጡረታ የወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አፉ አያርፍም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። በሩ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለና... እንዳጎነበሰ ቀረ።

"አንተ!" አለኝ በሹክሹክታ። "እንግዳ አለህ እንዴ?"

"የምን እንግዳ?"

"ታዲያ ይሄ የማን ነው?"

ምንጣፉ ላይ፣ ከእኔ ጫማ ጎን፣ የሴት ጫማ ተቀምጧል። ጥቁር፣ ትንሽ፣ ማሰሪያው በሥርዓት የተፈታ። ጫፉ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም።

የባለቤቴን ጫማዎች በሞተች በዓመቱ በገዛ እጄ ለሰው ሰጥቻለሁ።

"አንዱ... ረስቶት ይሆናል" አልኩት።

"ረስቶት በባዶ እግሩ በበረዶ ሄደ?" በዓይኑ ጠቀሰኝ። "በዚህ ዕድሜህ! ጎበዝ! ምነው ደበቅካት ታዲያ?"

"ዝም ብለህ ግባ። ሰዓት የለኝም።"

ገባ። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለው፣ ሚሞሪ የሚባለውን ቁራጭ አውጥቶ ጠረገና መለሰው። አበራነው። አንድ ጊዜ ጢጥ አለ። ስክሪኑ እንደዚያው።

"ልቡ ደህና ነው" አለ። "የሞተው የስክሪኑ ገመድ ነው። ምድር ቤት ትርፍ አለኝ።"

ሲወጣ ገርበብ ወዳለው የመኝታ ቤቴ በር አየት አደረገ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰላም ልበላት እንዴ?" አለኝ።

"ማንም የለም አልኩህ!"

"እሺ፣ እሺ... አትቆጣ።"

በሩ ተዘጋ። ለአራት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነበር።

ወደ ምንጣፉ ዞርኩ።

ጫማው የለም።

ሁለት ትናንሽ እርጥብ ቦታዎች ብቻ። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ወለሉ ላይ የእግር ዱካ... ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ። የሚመለስ ዱካ የለም።

ፈራሁ። ይሄን ለመናገር አላፍርም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም።

ከውስጥ ቲንግ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማይቮር መልእክት ነው።

ቲንግ... ቲንግ...

ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ጥሪዋን ራሱ እንዲያነሳ ተደርጎ ነው የተሠራልኝ። ሮጬ ልገባ ፈለግሁ፤ እግሬ ግን አልታዘዘኝም።

እንደምንም ተጎትቼ ስደርስ አራት ሰዓት ከስምንት ሆኗል። ስክሪኑ አናት ላይ ያለችው የካሜራዋ መብራት አረንጓዴ ሆናለች። ወንበሬ ላይ ዘፍ አልኩ። አለቀልኝ! ባዶ ወንበር አይታ መልእክቱን ልካለች፤ ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። አርባ ዓመት የኖርኩበት ቤት በአንድ ገመድ ሊሄድ!

በሩ ተንኳኳ። ዩንግቬ ነው። ገመዱን በበሩ ክፍተት አቀበለኝ።

"ግባ እንጂ" አልኩት።

"አልገባም። ከእንግዳህ ጋር ተጫወት።"

"ዩንግቬ... እባክህ ግባ።"

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት እየሳቀ ደረጃውን ወረደ። ያኔ የተሰማኝን ብቸኝነት ባለቤቴን የቀበርኩ ቀን እንኳ አላውቀውም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሮጌውን ገመድ ነቅዬ አዲሱን ሰካሁት።

ስክሪኑ በራ።

ማይቮር ቁጭ ብላ ትታየኛለች። ፈገግ ብላለች። ከጎኗ መልእክቶቿ ተደርድረዋል፤ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ።

"ሂልዲንግ፣ የት ነህ?"

"ወንበርህ ባዶ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቄ ለሰዎቹ እጽፋለሁ።"

"ውይ፣ ይቅርታ እመቤቴ! እንግዳ መኖሩን አላወቅሁም። ሂልዲንግ ደህና ነው?"

"ራስዎን ስለነቀነቁልኝ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ለሰዎቹ አልጽፍም።"

"አይናገሩም እንዴ? እኔም አልሰማም፤ ተገናኘን!"

ቀጥሎ ያለው እኔ ከተቀመጥኩ በኋላ የተጻፈ ነው።

"መጣህ! ምነው ሳትነግረኝ? ሴትዮዋን አይቻት አላውቅም። እህቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት፣ አልቀየምህም። ብቻህን ባለመሆንህ ደስ ብሎኛል።"

"አንተ ተቀምጠህ ሴትዮዋን ታቆማታለህ? ወንበር ስጣት እንጂ!"

ቀስ ብዬ ዞርኩ...

ግድግዳው፣ የቀን መቁጠሪያው። ማንም የለም።

ማይቮር ፈገግታዋ ጠፋ። ጻፈች።

"ሂልዲንግ፣ ፊትህ ነጣ። ምን ሆንክ? ለሰዎቹ ልጻፍላቸው?"

ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አደረግሁ። አዎ ብላት ይመጣሉ። መጥተው ይወስዱኛል። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን ነበር ታዲያ?

"አትጻፊ" ብዬ ጻፍኩ። "ደህና ነኝ። ብቻዬን አይደለሁም።"

ያኔ ነው የስክሪኑን ጥግ ያየሁት። እዚያ የራሴ ምስል በትንሹ ይታያል። ከኋላዬ ጥቁር ካፖርት አለ። ካሜራው እስከ ፊቷ አይደርስም። አንድ የሴት እጅ ግን ትከሻዬ ላይ አርፏል።

ምንም አይሰማኝም። ክብደት የለውም፣ ሙቀት የለውም።

እጄን ቀስ ብዬ ወደ ትከሻዬ ሰደድኩ። የነካሁት የሹራቤን ሱፍ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ ግን... ጣቶቿ ተከፈቱና የእኔን ጣቶች በመሃላቸው ያዙ።