የቀረችው እጩ

ፀጉር አስተካካዩን የጉብኝቱ ቀን የተዘጋጀው ሊገቡ ያመለከቱት እጩዎች የጦር አካዳሚውን እንዲያዩ ይመስለው ነበር። በግቢው ፀጉር ቤት «መቀስ» በሚል የምስጢር ስም የመኮንኖችን ማጅራት እየላጨ ሲሰልል፣ ይህ የዋህነት አብሮት ሰንብቷል። በዚያ ቀን የሚታዩት እጩዎቹ መሆናቸውን ዘግይቶ ነው የተረዳው።

አሁን ሳሙና አቅራቢው ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። እውነተኛ ሥራው በአገሪቱ የፀረ ስለላ ድርጅት ውስጥ የመቀስ አለቃነት ነው። መቀስ የታጠፈ ፎጣ አቀበለው። በእጥፋቱ ውስጥ የድምፅ ካሴት ነበር።

«ሞግዚት ምን አለ?»

«እንደ ልማዱ። ስለ አየሩ አወራ።»

ሞግዚት የሚሉት አስጎብኚውን ሻለቃ ነው። እጩዎቹን እያዞረ፣ ቤቱ የናፈቀውን፣ ቂም ያረገዘውን፣ ለምስጋና የተራበውን ይለያል፤ ከዚያ ለባዕድ የስለላ ድርጅት ይሸጠዋል። ልጆቹ ገና መኮንን ሳይሆኑ ባለቤት ያገኛሉ።

«የእህትህ ልጅ ነገ ከእጩዎቹ ጋር ለጉብኝቱ ትምጣ» አለ አቅራቢው። «አባቷ ከጦሩ በግፍ የተባረረ ነው። ሞግዚት መንከሱ አይቀርም፤ ያኔ እንይዘዋለን።»

«መንጠቆ ላይ የምትሰካ ትል ናት እንዴ?»

«ዝምድናችሁን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን አስፈራህ?»

ፈገግ አለ። ጥርሱ ንጹሕ ነበር። የመቀስ አፍ መረረ።

ከሥራ ወጥቶ እህቱ ቤት ሲደርስ ልጅቱ ሸሚዝ ትተኩስ ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ እዚያ አገኝሃለሁ አይደል?»

«አትሂጂ።»

ካውያው በአየር ላይ ቀረ። «የቀረ ሰው ፍላጎት የለውም ይላሉ እኮ! ከዝርዝሩ ቢያወጡኝስ?»

እውነቱን መናገር አይችልም። ስለዚህ ከውሸት ሁሉ ይበልጥ የሚያዋርደውን መረጠ።

«የሰው ፀጉር ስጠርግ እንድታዪኝ አልፈልግም።»

እህቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «አንተ! ለኩራትህ ስትል የልጄን ዕድል ልትዘጋ? ደግሞ ኩራቱን ከየት አመጣኸው፣ ከመጥረጊያው?»

«በቃ እማዬ፣ እቀራለሁ» አለች ልጅቱ።

ስድቡን ተሸክሞ መውጣት አያቅተውም ነበር። የልጅቱ አዘኔታ ግን እንደ ቆሻሻ ቅባት ቆዳው ላይ ተለጠፈ።

በማግስቱ፣ እንግዶቹ እንደተሸኙ፣ ሞግዚት መጥቶ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። ከወንበሩ ሥር መቅረጫው ይሠራል። መቀስ አረፋ ቀባው። ምላጩን አገጩ ሥር አሳረፈ።

«የእህትህ ልጅ ምነው ቀረች?»

ምላጩ ቆመ።

ይህ ወሬ ሊወጣበት የሚችል አንድ አፍ ብቻ ነበር።

«አሟታል፣ ጌታዬ። እንዴት አወቋት?»

«ያ ሳሙና የሚያመጣው ሰውዬ ነዋ! አመጣልሃለሁ ብሎኝ፣ ወዳጆቼም ሊያይዋት ጓጉተው ነበር።»

ካሴቶቹ ሁሉ ለድርጅቱ ሳይደርሱ አቅራቢው ዘንድ ሲቀሩ እንደ ኖሩ ያን ጊዜ ገባው። አቅራቢው ዝምድናውን ሸጧል፤ የመቀስን ሰላይነት ግን ለሻለቃው ሳይነግር ለራሱ አስቀርቷል። ሌባው ለሌባው እንኳ ሙሉ ዕቃ አልሰጠም።

ከምላጩ በታች የሻለቃው ደም ሥር ይመታል። ሥጋው ይሞቃል፤ ሽቶው ያውዳል። 

አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው።

ላጨው። አጠበው። «ይመችዎት» አለው።

ካሴቱን ለአቅራቢው አልሰጠም። በቀጥታ ወደ እትዬ ወሰደው፤ ድሮ ለዚህ ሥራ የመለመለችው የድርጅቱ ኃላፊ ናት። ፊት ለፊት ወደ እሷ የሄደ ሰላይ ስሙም ሽፋኑም ይፋቃል፤ ወደ ቤተሰቡም አይመለስም። ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል።

እትዬ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ለእህትህ ምን እንበላት?»

«ምንም። ልጄን አስቀርቶ በሐፍረት ጠፋ ብላ ትማኝ። ልጅቱን ግን በመቅረቷ እንዳይቀጧት።»

ሞግዚትና አቅራቢው በዚያው ሳምንት ተያዙ። መቀስ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም የሆቴል በር ጠባቂ ሆነ። ልጅቱ አካዳሚውን ሳትጎበኝ ገባችበት፤ ፀጉሯን ያሳጠረላት ሌላ ሰው ነው።