«እንደ ባለፈው ነው?»

«ባንዱ ከየት በኩል ነው የሚወጣው?» አለች ድንቢጥ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ አንገቷን እያሰገገች።

ፕሮፌሰሯ መድረኩን አየችው። በግራ ጥቁር መጋረጃ፣ በቀኝም ጥቁር መጋረጃ። «በግራ» አለች፣ ፈተናውን ራሷ ያወጣች ይመስል።

በቀኝ ወጡ።

«ባለፈው በግራ ነበር» አለች ቶሎ ብላ።

«እሺ» አለች ድንቢጥ። አለቀ። ይህች ልጅ ሰው ስታምን እንዲህ ናት፣ ትንሽ እንኳ አታንገራግርም። ብታንገራግር ኖሮ ፕሮፌሰሯ በተገላገለች ነበር።

ፕሮፌሰር የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ የሮክ ባንድ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብላ ስላወራች ነው። ማየቱንስ አይታዋለች። የመድረክ መብራት የሚዘረጋው አጎቷ፣ ባንዱ ከዝግጅቱ በፊት ሳውንድ ቼክ፣ የድምፅ ሙከራ፣ ሲያደርግ በጓሮ በር አስገብቷት ነበር። ያየችውም ይህን ነው፦ ድራመሩ አንዷን ድራም ብቻ ሃያ ደቂቃ ሲደበድብ፤ ዘፋኙ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» ሲል፤ ጊታር ተጫዋቹ «ገመዴን ማን ወሰደው?» እያለ አጎቷን ሲነዘንዝ። አንድ ዘፈን እንኳ ሳይጫወቱ አጎቷ «በይ ሂጂ፣ እናትሽ እኔን ነው የምትጮህብኝ» ብሎ ሸኛት።

ክፍል ውስጥ ግን የ«አንድ፣ ሁለት» ወሬ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? መጀመሪያ አንድ ዘፈን ጨመረችበት። ቀጥሎ ጭስ። ቀጥሎ ሕዝቡ ሲዘል ወለሉ ሲንቀጠቀጥ። በመጨረሻም ዘፋኙ ከመድረክ ወርዶ በአጠገቧ ሲያልፍ። ቀደዳ እንደ ሹራብ ነው፣ ደረቱን ከሠሩለት እጅጌም ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ እስከ ትናንት ድረስ ማንንም አልጎዳም ነበር። ትናንት ግን የድንቢጥ ታላቅ ወንድም ሁለት ቲኬት ሰጣት። ድንቢጥም ታናሽ እህቷን እያስለቀሰች ትታት፣ «የሚያውቅ ሰው ይሻለኛል» ብላ ፕሮፌሰሯን ይዛ መጣች።

የመጀመሪያው ዘፈን ጀመረ።

ባሱ በፕሮፌሰሯ ጆሮ አልገባም፤ በጉልበቷ ነው የገባው። ከዚያ ወደ ሆዷ ወጣ፣ ከዚያ ደረቷ ውስጥ ተቀመጠ። ይህን ዘፈን በስልኳ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ግን ዘፋኙ መሀል ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው፣ ያኔም ሕዝቡ በሙሉ ተቀብሎ እንደሚዘፍንለት ማን ነገራት? አፏ ሊከፈት ምንም አልቀረውም።

«እንደ ባለፈው ነው?» አለቻት ድንቢጥ በጆሮዋ።

«ያው ነው» አለችና እጆቿን አጣመረች። ለሁለተኛ ጊዜ የሚያይ ሰው እንዴት እንደሚቆም አታውቅም። ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመች።

አጠገባቸው ከሥራ በቀጥታ የመጣ የሚመስል ባለ ከረባት ራሰ በራ ሰውዬ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቶቹን ሆዱ ላይ ያርመሰምሳል፤ ጊታር መጫወቱ ነው። ቀናችበት። እሱን ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ሦስተኛው ዘፈን የምትወደው ነበር። ገና ከመግቢያው ዓይኗ እርጥብ አለ። ድንቢጥ ስልኳን አውጥታ ወደ መድረኩ ደረጃ አነጣጠረች።

«ዘፋኙ ይሄ ላይ ነው አይደል የሚወርደው? እቀርጸዋለሁ። እህቴን በሱ እክሳታለሁ።»

ድንቢጥ ከዚያ በኋላ መድረኩን አላየችም። ድራመሩ ሲያብድ አላየችም። ጊታር ተጫዋቹ ሲንበረከክ አላየችም። ሰው የማይወርድበትን ባዶ ደረጃ፣ እጇ እስኪዝል ድረስ ጠበቀች።

ፕሮፌሰሯ አልቻለችም። «ከዚህ በፊት አላየኋቸውም!» አለች።

«ምን?»

«አላየኋቸውም!»

«አይሰማም!» ድንቢጥ ሳቀችና ወደ ጆሮዋ ጠቆመች።

ዘፈኑ አለቀ። ጊታር ተጫዋቹ ጊታሩን ሊቃኝ ጎንበስ ሲል አዳራሹ ዝም አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ተናግራለች፣ አልተሰማም፤ ጥፋቱ የስፒከሩ ነው።

«አይወርድም» አለች ፕሮፌሰሯ። «ስልክሽን አስቀምጪው። ባለፈው ያየሁት ሳውንድ ቼክ ብቻ ነው። አንድም ዘፈን አልሰማሁም።»

ድንቢጥ ስልኳን ቀስ ብላ አወረደች። «ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«ቆይ፣ ጭሱስ?»

«ጭስም የለም።»

«እህቴን አስለቅሼ…» ድንቢጥ አልጨረሰችውም። «ቀዳጅ» አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት።

አራተኛው ዘፈን ተነሳ። ፕሮፌሰሯ የድንቢጥን ጀርባ ትንሽ አየችው። ከዚህ ወዲያ የምትደብቀው ነገር አልነበራትም። እጆቿን ፈታች። ዘለለች። ግጥሙን አንዱን ከአንዱ እያምታታች፣ ከዜማውም እየወጣች ዘፈነች። ባለ ከረባቱ ሰውዬ ዓይኑን ገልጦ ቦታ ለቀቀላት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ድንቢጥ ዞራ እያየቻት ነበር።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትጮሂው?»

«ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ታስታውቂያለሽ» አለች ድንቢጥ። ከንፈሯ ሊስቅ ሲል ያዘችው። «ገና አልታረቅኩሽም። ክፍል ውስጥም አልሸፍንልሽም።»

«አትሸፍኚልኝ። ሰኞ እኔው እነግራቸዋለሁ። ለእህትሽ ግን ዛሬ፣ ከዚህ እንደወጣን።»

«ትቧጭርሻለች።»

«ትቧጭረኝ።»

ባንዱ ሁለት ዘፈን ጨምሮ ወረደ። መድረኩ ላይ ሌሎች ድራሞች ተደረደሩ፤ አራት ሴቶች ጊታሮቻቸውን አንግበው ወጡ። አንዷ ማይኩን እስከ አገጯ አወረደችው።

«እነዚህንስ ታውቂያቸዋለሽ?» አለች ድንቢጥ።

የባንድ ስም፣ የአልበም ስም፣ የሆነ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ፕሮፌሰሯ ዋጠችው።

«አላውቃቸውም» አለች። «ጠጋ እንበልና እንያቸው።»