ሳይጠየቁ የሚያድሩበት ቤት

«ሰንጥቂው እንጂ ልጄ! እንዲሁ ከከተትሽው ጣራውን ይዞት ነው የሚሄደው» አሉ ዐም ሻዕባን ከደጃፉ ላይ ሆነው።

ኸድራ ቀና ብላ እንኳ አላየቻቸውም። ያልተሰነጠቀ ቀርከሃ እሳት ሲነካው እንደ ጠመንጃ እንደሚጮህ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ታውቃለች። ዐም ሻዕባን ግን ሰው የሚያውቀውን ነገር መልሰው ካልነገሩት እንቅልፍ የሚወስዳቸው ሰው አይደሉም። መንደሩ ሁሉ «ዐም»፣ አጎት፣ የሚላቸው የቤቱ ጠባቂ እሳቸው ናቸውና መብታቸው ነው። ጎንበስ ብላ ፍሙን እፍ አለችው፤ ጭሱ ዓይኗን አቃጠላት። ውጭ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የመንጌ ኮረብታ ከነዛፉ ጠፍቶ ከደጁ የሚታየው ጭቃና ውሃ ብቻ ነበር።

ቤቱ ከመንደሩ ጫፍ፣ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ላይ የቆመ ረጅም የቀርከሃ ቤት ነው። በበጋ ልጆች ቁርኣን ይቀሩበታል። ክረምቱ ሲገባ ግን የልጆቹ የእንጨት ሰሌዳ ተለቅሞ ወደ መምህሩ ቤት ይወሰዳል፤ መሬቱ ላይ ሰሌን ይነጠፋል፣ መሀሉ ላይ እሳት ይነዳል፣ ቤቱም ማደሪያ ላጣ ሰው ሁሉ ይሆናል። መዝጊያ የለውም። መዝጊያ እንዲኖረው ያሰበም ሰው የለም።

ማደሪያ ያጣ ሰው ደግሞ በዚያ ዘመን ሞልቷል። ሰው እንደ አውሬ እየታደነ፣ እንደ ከብት ገበያ የሚወጣበት ክፉ ጊዜ ነበር። መንደሩ የተቃጠለበት፣ ከአዳኝ ያመለጠ፣ አርጅቶ ወይም ታሞ «ከእንግዲህ አትጠቅምም» ተብሎ የተባረረ፣ ሁሉም በጋውን ጫካ ለጫካ ይገፋና ዝናቡ ሲበረታ የቤት ጭስ እያየ ይመጣል። መንደሩም ተራ ገብቶ ያሳድራል። ባለተራው ቤት እሳት ያነዳል፣ ገንፎ ያቀርባል፣ የእግር ውሃ ያሞቃል። ሰሞኑን ተራው የእነ ኸድራ ነው። እናቷ ሰዕዲያ አራስ ስለሆነች ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ላይ ብቻ ወደቀ።

የቤቱ ወግ አንድ ነው፤ እንግዳ አይጠየቅም። ማን ነህ፣ ከየት መጣህ፣ የማን ነህ አይባልም። ራሱ ማውራት ከፈለገ ያውራ፤ ካልፈለገ በልቶና አድሮ መንገዱን ይቀጥል። ለምን እንደዚህ እንደሆነ ግን ለኸድራ የነገራት የለም። ትልልቆቹ ሰዎች በልጆች ፊት አያነሱትም። እሷም በግራ እጅ አይበላም እንደሚባለው ያለ ነገር አድርጋ ይዛዋለች።

ችግሩ፣ ኸድራ የምትጠይቀው ነገር ነበራት። ታላቅ ወንድሟ ማህጁብ አምና በበጋ ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ሊያጥብ ወደ ወንዝ ወርዶ በዚያው ቀረ። አባቷ ፍለጋ ወርዶ ያገኘው የተሰበረ የወርቅ ማጠቢያ ገበታና የብዙ ሰው ዱካ ነው። ወሰዷቸው ተባለ። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚያውቅ አልተገኘም። ማህጁብ ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። እሷን «አይጢት» እያለ ያናድዳት ነበር። አሁን ማንም አያናድዳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ይናፍቃል ብላ አስባ አታውቅም።

ባለፈው ክረምትም ዘንድሮም ያንን ሁሉ መንገደኛ ባየች ቁጥር «ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ አይቶት ይሆናል» ትላለች በልቧ። እናቷ ግን፣ ከመውለዷ በፊት፣ ገንፎ ይዛ ትመጣለች፣ የእንግዶቹን ፊት ትክ ብላ ታያለች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትመለሳለች። ኸድራ በዚህ እናቷን ተቀይማታለች። ረሳችው ብላ፣ ተስፋ ቆረጠች ብላ።

ሊመሽ ሲል ዐም ሻዕባን ለመግሪብ ሶላት ተነሡ።

«እንግዳ ከመጣ ውሃ፣ እሳት፣ ገንፎ። ከዚያ ዝም» አሏት።

«አውቃለሁ ዐም ሻዕባን።»

«ማወቅሽንማ አላጣሁትም» አሉና ሰሌን ደፍተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ።

ብዙም አልቆየ፤ አንዲት ሴት ደጃፉ ላይ ቆመች። ልጅ አዝላለች። ወጣት ናት፣ ማህጁብን ብትበልጠው በጥቂት ነው። ውሃው ከፀጉሯ ላይ እየወረደ፣ ቶሎ በመግባት ፈንታ ቆማ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው፤ ጥጋጥጉን ሁሉ አየች።

«ግቢ እህቴ፣ ግቢ» አለቻት ኸድራ።

ገባችና ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለደጁ ሰጥታ ተቀመጠች። ኸድራ የሕፃኗን እርጥብ ጨርቅ ፈትታ እሳቱ ዳር ሰቀለችው። ሙቅ ውሃ አምጥታ የሴትዮዋን እግር ማጠብ ጀመረች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ዙሪያውን ሥጋው ጠንክሮ ያብለጨልጫል። የእግረ ሙቅ ጠባሳ ነው። ኸድራ ከዚያ በፊት አይታ ባታውቅም ሲወራ ሰምታለች።

ድንገት አንድ ቀርከሃ እሳቱ ውስጥ ጓ! አለ። ኸድራ ሳትሰነጥቀው ያለፈችው አንድ ቁራጭ ነበር። ሴትዮዋ ልጇን ነጥቃ ደጃፉ ላይ ደርሳለች።

«ቀርከሃ ነው! ቀርከሃ ነው እኮ!» ኸድራ እጇን አርገበገበች። «ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዐም ሻዕባን ሰንጥቂ ብለውኝ ነበር። ቢሰሙ ዓመቱን ሙሉ ሲያወሩልኝ ነው የሚኖሩት!»

በመጀመሪያ የሳቀችው ሕፃኗ ናት። ጓ ያለውን ነገር ደግሞ እንዲጮህላት በጣቷ ወደ እሳቱ ትጠቁማለች። ከዚያ እናትየዋም ቀስ ብላ ፈገግ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«ስትስቅ ከሰማሁ ቆየሁ» አለች። የአነጋገሯ ቅላፄ የዚያ አገር አልነበረም።

ገንፎውን አቀረበችላቸው። ሴትዮዋ በጣቷ እየቆረሰች መጀመሪያ ልጇን ታጎርሳለች፣ ከዚያ ራሷ ትጎርሳለች። ኸድራ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ታያታለች። ይህች ሴት ሰው ከሚወሰድበት ቦታ ነው የመጣችው። ነገ ጠዋት ትሄዳለች። አሁን ደግሞ ስቀዋል፣ ተግባብተዋል።

«ከየት ነው የመጣሽው?» አለች።

የሴትዮዋ እጅ ገንፎው ላይ ቆመ። «ከላይ።»

«ከላይ ከየት?»

«እንዲያው ከላይ።»

እዚህ ላይ መተው ነበረባት፤ አልተወችም። «እግርሽ ላይ ያለው የእግረ ሙቅ ነው አይደል? የማን ነበርሽ? ከማን ቤት ነው ያመለጥሽው? እዚያ ወንዶችም አሉ?»

 የሴትዮዋ ዓይን ወደ ደጁ ሄደ። ኸድራ ዝምታውን ንቀት አድርጋ ወሰደችው፤ ለልጅ ምን ይወራል ያለች መሰላት።

«ቆይ፣ አንቺ ብዪ ብቻ! ሮጬ አባቴን ልጥራው፣ ለሱ ትነግሪዋለሽ!» ብላ ብድግ አለች።

በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኸው ነው፤ ደስ ብሏት ነው የሮጠችው። ጭቃው እያንሸራተታት፣ እየሳቀች።

ከአባቷ ከጁምዓ ጋር ተመልሳ ስትመጣ ዐም ሻዕባን ባዶው ቤት መሀል ቆመው አገኘቻቸው። ገንፎው እንደተጀመረ ነው። የሕፃኗ ጨርቅ እሳቱ ዳር ተሰቅሎ ይተናል። አባቷ ጨርቁን በእጁ ነካው።

«ምን አልሻት?»

«ምንም… አንተን ልጥራ ብዬ…»

«ኸድራ፣ ምን አልሻት?»

ነገረችው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር፤ አልተቆጣም። ችቦ ለኩሶ ከዐም ሻዕባን ጋር ከመንደሩ ሥር ወዳለው ወንዝ ወረደ። ኸድራ «አንቺ እህት! ተመለሺ!» እያሉ ሲጣሩ ከሩቅ ትሰማቸዋለች። ከዚያ ጥሪው በአንዴ ጸጥ አለ፤ ችቦውም ጠፋ። የጠፋበትን ምክንያት የነገራት አባቷ ነው። ዐም ሻዕባን ክንዱን ይዘው «ተው ጁምዓ፣ እየተጣራን አይደለም፣ እያባረርናት ነው። ከኋላዋ የሚጮህ ወንድ የሰማች ሴት ወዴት ትሄዳለች ብለህ ነው?» አሉት። ፊት ለፊታቸው ያለው ወንዝ ነበር፤ ሞልቶ ያጉረመርማል።

በማግስቱ ዳር ዳሩን ሁሉ ፈለጉ። ተሻግራ ይሁን፣ ሳትሻገር ቀርታ ይሁን፣ ዝናቡ ዱካውን አጥቦታል።

ኸድራ ጨርቁን አጣጥፋ እቅፏ ውስጥ ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ሰዕዲያ ጨቅላውን እያጠባች ነበር።

«ስለ ማህጁብ ልትጠይቂያት ብለሽ ነው?» አለች እናቷ።

ኸድራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ጠየቅሻት?»

«እስከዚያ አልደረስኩም ኡሚ። ስሙን እንኳ አልጠራሁም።»

 እናቷ ጨቅላውን ወደ ሌላው ጡቷ አዙራ «‹የማን ነሽ› የሚለውን ቃል እነዚህ ሰዎች ከማን አፍ እንደሚሰሙት ታውቂያለሽ?» አለቻት። «ከአዳኞቹ ነው። መንገድ ላይ የደከመ ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ የሚሉት እሱን ነው። አንቺም እሱን ጠየቅሽ፤ ጠይቀሽም ወንድ ልትጠሪ ሮጥሽ።»

«አባቴን እኮ ነው!»

«እሷ በምን ትወቀው?»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?» ኸድራ አለቀሰች። «ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«እሱስ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከጨቅላው ሳታነሣ። «ልጆች ናቸው፣ በሌሊት አይባንኑ ብለን ነው። ወንድምሽ ከተወሰደ በኋላማ ምን የቀረ መባነን አለ? መንገር ነበረብኝ።» ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ የረሳሁት መስሎሽ ነበር አይደል?»

ኸድራ ክዳ ማለፍ አልቻለችም። «አዎ።»

«እንግዳው ሲበላ አየዋለሁ፤ ስሙ ይመጣና እዚህ ይቆማል።» እናቷ ጉሮሮዋን ነካች። «ግን ማህጁብም አንድ ቀን ያመልጥ ይሆናል። ያን ቀን ዝናብ ይመታዋል፣ የማያውቀው ቤት ደጃፍ ይቆማል። እሳቱ ጋ የተቀመጠችው ሰው ምንም ሳትጠይቅ ታብላልኝ ብዬ ነው ዝም የምለው።»

ተራው ገና አላለቀም ነበር። አባቷ «ዛሬ ቅሪ፣ እኔ እሄዳለሁ» አላት። መቅረት እንዴት ደስ ባላት! ቤቱን ማየት አልፈለገችም፤ የዐም ሻዕባንን ፊትም እንደዚያው። ግን አባቷ ሲነሣ ገንፎውን ከፊቱ አንሥታ ወጣች። ዐም ሻዕባን ስትገባ አዩዋት። ምክር ግን አልሰጧት፤ ይህ ከቁጣ በላይ ከበዳት።

ሲመሽ አንድ ሽማግሌ መጡ። አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። እጃቸውን እንዲታጠቡ በቅል ውሃ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም ከመታጠባቸው በፊት ውሃውን ቀስ አድርገው አሽከረከሩት፣ አዘነበሉት፣ የቅሉን ታች አዩት። ወርቅ ሲያጥብ የኖረ ሰው እጅ ነው። ኸድራ የዚህን እጅ አመል ከሺህ ሰው መሀል ታውቀዋለች። ከወንዝ ዳር ነው የተወሰዱት ማለት ነው። ማን ያውቃል፣ ከእነማህጁብ ጋር ይሆናል።

ሽማግሌው እንዳፈጠጠችባቸው አዩ። እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ፤ ሊነሡ እንደተዘጋጀ ሰው። ጥያቄውን እየጠበቁት ነበር።

«ገንፎው ሳይበርድ ይብሉ አባት» አለች ኸድራ።

እዚያው ከተቀመጠች እንደምትጠይቅ አወቀች። ማሰሮውን አንሥታ ወጣች። ከጣራው ሥር ጀርባዋን ለቀርከሃው ግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ዝናቡ እግሯን ይመታታል። አንድ ጊዜ «ማህጁብ» አለች፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ። ከውስጥ ቅሉ መሬት ላይ ሲቀመጥ፣ ከዚያ ሽማግሌው ሰሌኑ ላይ ሲጋደሙ ተሰማት። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ እዚያው ቆየች።