ወልደ ኪዳንን ሙያ ያስቀየርኩ ቀን

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን አልፈጠርኩትም... በራሴ ደርሶብኛል።

2005 ዓ.ም፣ ሰኔ። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሞጣ።

ለሥራ ተመድቤ ብቻዬን ቤት ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እሑድ ይከብደኛል። ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እኔ ከዝናቡ ጋር እፋጠጣለሁ።

ወንድሜ ያየህ በሱዳን በኩል ከአገር ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ድምፁ ጠፋ። ቢቸና ያለችው እናታችን ግን "ልጄ አልሞተም" ብላ ለቅሶ እንዳይለቀስለት ከልክላለች።

ትቶልኝ የሄደው አንድ አሮጌ ጌም ነው፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ። አራት ተጓዦች አሉበት፤ ሙያቸውን እንዳሻችሁ ትቀያይራላችሁ። የዛሬው ተዋጊ ነገ ሐኪም፣ ሐኪሙ ደግሞ ሌባ...

ያየህ ነገር አያውቅም፣ ለአራቱም የቤተሰባችንን ክርስትና ስም አወጣላቸው። አባታችን አካለ ወልድ፣ እናታችን አመተ ሥላሴ፣ እሱ ወልደ ኪዳን። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

እናታችን ስትሰማ ተቆጣች። "ክርስትና ስም መጫወቻ ነው? በቁርባንና በፍትሐት ነው የሚጠራው!"

እኛ ሳቅን።

እሑድ እሑድ ወልደ ኪዳንን ለማየት ያህል ጌሙን እከፍተዋለሁ። ያን ቀን ስከፍተው...

ወልደ ኪዳን ነጭ ለብሷል።

ተዋጊ አድርጌ ነበር የዘጋሁት። ደግሞስ ከሙያዎቹ፣ ሐኪሙ እንኳ፣ ነጭ የሚለብስ የለም።

አጠገቡ የቆመው አካለ ወልድም ነጭ ነው። እሱ ነጭ የለበሰው አባታችን ባረፈ ሰሞን ነው። ያኔ ያየህ የቀየረው መስሎኝ ነበር...



"አይሆንም" አልኩ ለራሴ። "አልሞትክም።"

ሙያ መቀየሪያውን ከፈትኩ። ተዋጊ... እምቢ አለ። ሐኪም... እምቢ። እያለቀስኩ ቁልፉን ደበደብኩት።

"ወልደ ኪዳን! ወልደ ኪዳን፣ ተመለስ!"

ነጩ ልብስ ጠፋ። ሌባ ሆነ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት።

"አንች ትርሲት..." ታንሾካሹካለች።

"ምነው እማዬ?"

"ወንድምሽ መጣ።"



"በ... በምን መጣ?"

"እኔ እንጃ። በሩን ቀርቅሬው ነበር። ዞር ስል ጓዳ ቆሟል።"

"ስጭውና ላናግረው።"

"አይናገርም። ደክሞታል መሰል። እንደ ወጉ እግሩን አጠብኩት... ይሄን ሁሉ ጭቃ ረግጦ መጥቶ፣ ውሃው አልደፈረሰም።"

ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አይሠራም።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ቢቸና ገባሁ።

እናቴ በር ላይ ቆማለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንዲያ ሲፈካ አይቼ አላውቅም። እጄን ይዛ አስገባችኝ።

"ቀስ በይ... ተኝቷል።"

መደቡ ላይ ጋቢ አለ። ከፍ... ዝቅ... ይላል። ከሥሩ የተኛ ሰው ይተነፍሳል።

"ያየህ?"



ጋቢውን ገለጥኩት። ባዶ መደብ ነው።

እናቴን አየኋት። ምን ብዬ ልንገራት? በዓለም ላይ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

"ተይ እንጂ፣ ብርድ ይመታዋል" አለችና ጋቢውን ከእጄ ወስዳ መልሳ አለበሰችው።

ጋቢው ቀስ ብሎ... መተንፈሱን ቀጠለ።