የቀይ ባሕር ውሃ በፒያሳ

የሐምሌ ዝናብ ገና አላባራም። ሻምበል ገብረትንሣኤ ፒያሳ ከሚገኘው ቤት ሲደርስ፣ የባሕር ተመራማሪው ደበሳይ በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ነበር። ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። አጠገቡ ከምጽዋ የመጣ የባሕር ውሃ ጠርሙስ ተሰብሯል። ውሃውን የወለሉ ጣውላ ጠጥቶታል፤ የቀረው ነጭ ጨው ብቻ ነው።

በር ላይ ፖሊሶች ሽኩርን በካቴና ይዘውታል። ሽኩር አትክልት ተራ ሳጥን ሠርቶ ይሸጣል። ትናንት ማታ ከዚህ ቤት ሲወጣ ታይቷል። ወንጀሉ ከጸናበት እንደሚሰቀል ያውቃል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለው ሻምበሉ።

«ሳጥን ላደርስ፣ ጌታዬ። ጠርሙሶቹ ቦምባይና ዴንማርክ ሊላኩ ነበር። ‹ባሕር ላለው ሰው ውሃ መላክ ለዓባይ ውሃ መቅዳት ነው› ብዬ ቀለድኩባቸው። ሳቁ። ስወጣ ደኅና ነበሩ።»

ሻምበሉ የሽኩርን የሸራ ጫማ አየ። ጭቃ ብቻ ነው።

የሟች ሚስት ወይዘሮ የሺዓለም ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ግማሹን እዚህ ያስቀራል። ግማሹን ለጠየቀው ተመራማሪ ሁሉ ይልካል። የለካውንም ውጤት እንደዚያው። ባሕር የአንድ ሰው አይደለም ይላል።»

«የተቃወመው አለ?»

«አስገዶም። አብረው ነው የሚሠሩት።»

አስገዶም ተጠርቶ መጣ። ጫማው ቀለም ተቀብቶ ያበራል።

«አዲስ ነው?» አለ ሻምበሉ።

«ትናንት ጠዋት የገዛሁት ነው።»

«በዚህ ጭቃ?»

«ሊስትሮ ታዲያ ምን ይብላ?»

«ትናንት እዚህ ገብተው ነበር?»

«ከሰኞ ወዲህ አልገባሁም።»

ሻምበሉ ሁሉንም ሰብስቦ በክፍሉ ውስጥ አቆማቸው።

«ጠርሙሱ የተሰበረው በግብግቡ ነው። ያኔ እዚህ የነበረ ሰው ጫማው ርሷል። ጠዋት የገባነው ሁሉ የረገጥነው ደረቅ ወለል ነው። የዝናብ ጭቃ ሲጠርጉት ይለቃል። የባሕር ውሃ ግን ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ሲደርቅ ቀለሙን አልፎ ይነጣል። የሽኩር ሸራ ቢነካው ኖሮ ጨው በሆነ ነበር። አቶ አስገዶም፣ በጫማዎ ስፌት ዙሪያ ነጭ መሥመር አለ። ምጽዋ ውሃ ስቀዳ የነካኝ ነው እንዳይሉኝ ጫማው የትናንት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ባሕር ያለው እዚች ክፍል ብቻ ነው።»

አስገዶም ወደ እግሩ አየ። ጨው ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

«ሁለት ዓመት ለፋሁ» አለ። «መጀመሪያ እኛ እናሳትም፣ ከዚያ ይላክ አልኩት። ‹ሳጥኑ ነገ ይሄዳል› አለኝ። ገፈተርኩት።»

ካቴናው ከሽኩር እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። ሽኩር የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ወይዘሮ የሺዓለም ዞረ።

«እትዬ፣ ሳጥኑስ?»

«ይሄዳል።»

አስገዶም በሩ ላይ ቆመ።

«ስሜ ከጠርሙሶቹ ላይ ይፋቃል?»

«ይኑር» አለች ቀና ሳትል። «አብረኸው ቀድተሃል።»

ሽኩር ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ክዳኑን ይመታ ጀመር።