ሦስተኛዋ መስመር

«ይቺን መስመር አውጪያት» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ።

ችኮ ሦስተኛዋን መስመር አየቻት። «ቅዳሜና እሑድ ማታ ምን እንይ?» የሚለው የግድግዳ ጋዜጣው ዓምድ የእሷ ነው። በየሳምንቱ ከተማው ውስጥ የሚታዩትን ቲያትሮችና ዳንሶች ትዘረዝራለች። ሕጓ አንድ ነው፤ ልምምዱን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ያላየችውን አትጽፍም። ለዚህ ስትል ስንት ቀን በየአዳራሹ ወለል ላይ እንደዋለች እሷና ጉልበቷ ናቸው የሚያውቁት። ችኮ የሚለው ቅጽል ስምም ዝም ብሎ አልተለጠፈባትም።

መስመሯ እንዲህ ትላለች፦ «‹ሩጫ›፤ ዳንስ። የወጣት ማዕከል አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። መሪ ዳንሰኛዋ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ እትዬ ናቸው። ሲወለውሉ እናውቃቸዋለን፤ ሲዘሉ ግን አላየናቸውም።»

«ምን አጠፋሁ?» አለች።

«አላጠፋሽም። ግን ነገ ኮሪደር ሲያጸዱ ተማሪው ይስቅባቸዋል። ለክብራቸው ብዬ ነው። በምትኩ የአማቼን ኮሜዲ አስገቢ።»

«ልምምዱን አይተውታል?»

«ምን ያደርግልኛል?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ግማሾቹ ተዋንያን የሚሉትን እንኳ በቃል አልያዙም።»

የምክትሉ ፊት ተለዋወጠ። «እስከ ነገ ጠዋት ትውጣ። አለዚያ ዓምዱን ለሌላ ልጅ ታስረክቢያለሽ» ብለው የጋዜጣውን ክፍል በር ዘግተው ሄዱ።

«ለክብራቸው! እንዲህ ያለ ክብር ከሆነ ውርደቱ ይሻላል» አለች ችኮ።

የጋዜጣውን ሥዕል የሚሥለው ጓደኛዋ ከቀለሞቹ ቀና አለ። «ተይ ባክሽ፣ አታካብጂ። አንድ መስመር ናት።»

«አንድ መስመር ከሆነች ምን አስፈራቸው?»

«ይነጥቁሻል እኮ! ሁለት ዓመት የለፋሽበትን!»

ዓምዱን ትወደዋለች። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ለመናገር የምታፍር ልጅ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ግን ማንንም አትፈራም።

ከትምህርት በኋላ እትዬን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አገኘቻቸውና ሁሉንም ነገረቻቸው። እትዬ መወልወያቸውን ግድግዳ አስደገፉ።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ተደብቄ አይደለም የምደንሰው። ቀን እወለውላለሁ፣ ማታ እደንሳለሁ፤ ሁለቱም ላቤ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።»

«ሥራዎን ቢነኩብዎትስ?»

«የሥራዬን ነገር ለእኔ ተይው። አንቺ ከፈራሽ ግን አውጪው፤ አልቀየምሽም።»

ያንገበገባት ይሄ «አልቀየምሽም» ነው። ቢቀየሟት ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ደወል ሳይደወል ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። አንድም ፊደል አልተነካም። ምክትሉ ሲደርሱ ተማሪው ተሰብስቦ እያነበበ ነበር።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

ችኮ እስክሪብቶዋን ዘረጋችላቸው። «እኔ አልሰርዝም። ከፈለጉ እርስዎ ይሰርዙት። ከጎኑ ግን ማን እንደሰረዘው ይፈርሙበት።»

ምክትሉ እስክሪብቶውን አዩት፣ ተማሪዎቹን አዩ፣ ባልዲያቸውን ይዘው የቆሙትን እትዬን አዩ። እትዬም ዓይናቸውን አልሰበሩም። እስክሪብቶውን የሚቀበል እጅ ጠፋ።

«ከሰኞ ጀምሮ ዓምዱ የሌላ ልጅ ነው» አሉና ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

«እሺ» አለች ችኮ። ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። ዕንባዋን ዋጥ አደረገችና ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ሰኞ ማን እንደሚረከበኝ አጣራልኝ።»

«ምን ልታደርጊው ነው? ልትጣዪው?»

«ኧረ ምን አጣላኝ! ማክሰኞ የአዲስ ቲያትር ልምምድ ይጀምራል» አለች፣ ቦርሳዋን እያነሣች። «ይዤው እሄዳለሁ።»